ጋሽ ገብረየስ አፋፍን ያወጁ ዕለት

ሰበታ ውስጥ፣ ወንዙን ተከትሎ በበቀለው ሰፈር፣ የእድሩ ለፋፊ ጋሽ ገብረየስ ናቸው። ማስተማር ካቆሙ ወዲህ ጥቁር ሰሌዳቸው ድምፅ ማጉያው ሆኗል፤ ቀብር ሲያውጁ እንኳ የሟቹን ስም ትርጉም ሳያስረዱ አያልፉም። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ቀጄላ በዚህ ተማርረው ቁርጡን ነገሯቸው።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ አንዲት ቃል ቢጨምሩ ማጉያውን ለባጃጅ ነጂው ለዲኖ ነው የምሰጠው!»

ጋሽ ገብረየስ ያለ ማጉያ ምን ይቀረኛል ብለው ተከዙ።

በነሐሴ ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰነበተና የወንዙ አፋፍ ተሰነጠቀ። የታዘዙት አጭር ነበር፦ «አፋፉ ሊናድ ነው፤ ማንም እንዳይጠጋ!» ይህንኑ ብለው፣ ምላሳቸውን ነክሰው ሊያልፉ ሲሉ ያኔት የምትባል አዲስ ተከራይ ከበረንዳዋ ላይ ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ አፋፍ ደሞ ምንድነው?»

እንዲህ ተጠይቆ ዝም የሚል አስተማሪ የት አለ? ማጉያውን ከአፋቸው ሳያወርዱ መለሱላት።

«አፋፍ ማለት፣ ልጄ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ የሚጀምርበት ጠርዝ ነው። አባቶች አፍ ከሚለው ቃል አወጡት፤ ገደልም አፍ አለውና! ውሃው ከሥር ሲቦረቡረው ከላይ ሣሩ እንዳማረበት ይቆያል፤ ወዮ ለረገጠው! ከዚያ ላይ ቁልቁል ሲያዩት ደግሞ ግርማው…»

ነገሩን ያበላሸው ይኸው ግርማ ነው። ያኔት ስልኳን ይዛ፣ ሸምሰዲን ሱቁን ቆልፎ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ግርማውን ሊያይ ወደ አፋፉ ጎረፈ።

ኦቦ ቀጄላ እያለከለኩ ደረሱ። «ራቁ ነው ያሏቸው ወይስ ኑ? አፋፉን እንደኛ በኦሮምኛ ቀርቀራ ብለው ቢያልፉ ምናለበት?»

«ቀርቀራም እኮ ግሩም ቃል ነው፤ አመጣጡ…»

«ጋሼ!»

ሕዝቡ ተመለስ ቢሉት «አንዴ ፎቶ ብቻ» እያለ ወደ ስንጥቁ ይጠጋል። ጋሽ ገብረየስ ማጉያውን አነሡ። ከዚያ ድንገት የድሮው የክፍል ድምፃቸው መጣላቸው።

«ያስተማርኩትን አሁን እጠይቃለሁ! ያልመለሰ ይንበረከካል! ከዳር እጀምራለሁ፤ ሸምሰዲን!»

«ኧረ ሱቄን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት!» ብሎ ሸምሰዲን የቆለፈውን ሱቅ ሰበብ አድርጎ እግሬ አውጪኝ አለ። ሌላውም ተከተለው። ያኔትማ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቀደመችው።

የመጨረሻው ሰው እንደራቀ አፋፉ ሣሩን እንደለበሰ ዷ ብሎ ወንዙ ውስጥ ወረደ።

ኦቦ ቀጄላ ማጉያውን ከእጃቸው ወሰዱት፤ ገደሉን አዩ፤ ማጉያውን አዩ፤ መልሰው ሰጧቸው።

«ይያዙት። ሕዝብ ሲጠሩ ትርጉሙን፣ ሲበትኑ ፈተናውን።»

«ፈተና የሚለው ቃል ራሱ…» ሲሉ ጋሽ ገብረየስ ጀመሩ፤ ኦቦ ቀጄላ ግን ሸምሰዲንን ሊደርሱበት ተቃርበው ነበር።