ብርሃነሽ የማትጠራው ስም

ብርሃነሽ አራት ዓመት ቡራዩ ስትኖር አንድ ቀን «ቡራዩ» ብላ አታውቅም። የታክሲ ረዳት የት እንደምትወርድ ሲጠይቃት «ገፈርሳ» ትልና አልፋ ወርዳ በእግሯ ትመለሳለች። ቡና «ትኩሱ» ነው። ፋብሪካ ውስጥ ቡድን መሪዋን «አለቃ» ትላለች። አንድ ቀን «ያ የውሻ ልጅ ጫማዬን በላው» ስትል ጎረቤታችን ብዙነህ የተሰደበ መስሎት ለጠብ ተነሣ። ስለ ቡችላ ነበር የምታወራው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሲዳማ ባህል ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚነሣ ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም። ባሊሻ ይሉታል።

«ባልሽ ይገዙስ ያንቺን አባት ስም ይጠራል?» አልኳት።

«እሱማ ወንድ ነው፣ እትዬ የሺ።»

አከራይዋ ነኝ እንጂ እናቷ አይደለሁም፤ ግን በገንኩ። እሷ ደግሞ አማቷን ከልቧ ትወዳቸዋለች።

በ2008፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሣ መንገዱ ሁሉ ጎማ ሲነድበት፣ ባሏ ይገዙ ከግንባታ ሥራ ሲመለስ ታፈሰ። በሦስተኛው ቀን ያለበትን ግቢ ሰምተን ተያይዘን ሄድን። በሩ ላይ ዝርዝር የያዘ ሰው ቆሞ ቤተሰብ የመጣለትን ይለቃል። የቀሩትን ወደ ሩቅ የሚወስድ መኪና ሞተሩን አስነሥቷል።

«ይገዙ» አለች።

«ይገዙ ሦስት አለ። መቃ አባ! የአባት ስም!»

ፊቷን ላብ አጠመቀው። «የአማቴ ልጅ ነው።»

ሰውየው ሳቀ። «አማትሽ ስም የላቸውም? ወንድ የላችሁም እንዴ? ወንድ ይምጣና ይናገር!»

እኔ እንዳልናገር ስሙን አላውቀውም። ግቢያችን ውስጥ «የብርሃነሽ አማት» ነው የምንላቸው። በ«ቡ» እንደሚጀምር ብቻ ገብቶኛል። «ቡልቻ? ቡሽራ?» እያልኩ መቀባጠር ያዝኩ። ራሷን ነቀነቀች። ሰዎቹን መኪናው ላይ መጫን ጀመሩ።

ያኔ ብርሃነሽ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ድንጋይ ላይ ወጣች።

«ይገዙ ቡሪሶ» አለች። ድምፅዋን ሞተሩ ዋጠው። ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እጇን አነሣችና ግቢው እስኪያስተጋባ ጮኸች።

«ይገዙ ቡሪሶ! የቡሪሶ ልጅ!»

«አቤት!» አለ ከውስጥ።

«ሴት ምን ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚሉ ሁሉ ያን ሰዓት እዚያ በነበሩ! ይገዙ በበሩ ብቅ ሲል እልልታዬን አቀለጥኩት፤ የማላውቃቸው ሴቶችም ተቀበሉኝ።

ቤት ስንገባ ግን ብርሃነሽ ተሳቀቀች። «ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ራሴ ልንገራቸው» ብላ አማቷ ዘንድ ደወለች። በሲዳምኛ ስለሚያወሩ ይገዙ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይተረጉምልኛል። ሁሉንም ነገረቻቸው።  

«በስንተኛው ጥሪ ወጣ?» አሉ ሽማግሌው።

«በሁለተኛው፣ አባባ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ ነበር።»

«በይ እንግዲህ ሌላ ጊዜ ቀስ አትበይ!» አሉና በሳቅ ፈነዱ። «ስሜ በአንድ ጥሪ ሰው ያስፈታ ነበር!»