ድንጋዩን አትዪው

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። አለቃውም ጥበቃውም «እትዬ ወስፌ» ነው የሚላቸው። ከወረቀት መቁረጫው ማሽን ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጠው ለሠላሳ አንድ ዓመት መጽሐፍ ጠርዘዋል። የወስፌያቸው የእንጨት እጀታ በመዳፋቸው ልክ ተበልቷል፤ ምላሳቸውም ከወስፌው እምብዛም አይተናነስም። ጠማማ ነገር አይወዱም። ጀርባው የተጣመመ መጽሐፍ ካዩ፣ ሌላ ሰው የሰፋው ቢሆንም እንኳ ፈትተው እንደገና ይሰፉታል። ቤታቸውም እንደዚያው ነው፤ ጫማው በሰልፍ፣ ፎጣው በሰልፍ፣ የበረንዳው ንጣፍ ፊት የሚያሳይ።

አንድያ ልጃቸው ሚስት አግብቶ ያመጣው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። ምራታቸው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ይህ አልከፋቸውም፤ እንዲያውም ያን የሚያህል መኪና በአንድ እጇ ስታዞር ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። የከፋቸው ሌላ ነው። ሙሽራዋ ከሻንጣዎቿ ጋር ጎማው የወፈረ የተራራ ብስክሌት ይዛ ገባች። እሁድ ጠዋት ከከተማው በላይ ወዳለው የጥድ ደን ትወጣና ቀትር ላይ ጭቃ ለብሳ ትመለሳለች። ብስክሌቱን የምታጥበው ደግሞ እሳቸው ቅዳሜ ፈግፍገው ባጸዱት በረንዳ ላይ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ጭቃ ከየት ነው የሚመጣው?» አሏት አንድ ቀን፣ ከአንገት በላይ ፈገግ ብለው።

«ከተራራው ነው፣ እትዬ።»

«እዚያው ቢቀርስ?»

ምራቲቱ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ጠብ የለም፤ ጨዋታም የለም። «እንደምን አደሩ» እና «እግዜር ይመስገን» ብቻ።

ልጃቸው መሀል ቤት ሆኖ ሁለቱንም ለማስደሰት ያልሞከረው የለም። ለሚስቱ ብሎ እሱም የተራራ ብስክሌት ገዛ። ሁለት ጊዜ ነድቶት በሦስተኛው «ወገቤን» አለና ኮሪደሩ ውስጥ አቆመው። እናቱ መሪው ላይ የእቃ ፎጣ ማስጫ አደረጉት። ልጃቸው ሥራው ሊፍት መትከል ነበርና፣ ብዙ ሳይቆይ በሌላ ከተማ ለሚሠራ ሕንፃ አራት ወር እንዲቀመጥ ታዘዘ። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እናቱንና ሚስቱን አንድ በአንድ ሳመና «አደራ» አለ። ማንን ለማን አደራ እንዳለ ግን አልተናገረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምራቲቱ በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፋ የተነፈሰ ጎማ ትለጥፋለች። የውስጡን ጎማ አውጥታ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋዋለች። ማስቲሽ ትቀባና ወዲያው ትለጥፋለች፤ ስትነፋው ይላቀቃል። እንደገና ትቀባለች፤ እንደገና ይላቀቃል። እትዬ ወስፌ በመስኮት እያዩ ሦስት ጊዜ ታገሡ። አራተኛው ላይ ግን ያ ሁሉ ዘመን ሙጫ ሲነካ የኖረ እጃቸው አላስቀምጥ አላቸው።

«ተይው እስቲ» አሉ ወጥተው። «ቸኩለሽ ነው። እርጥብ ላይ የለጠፍሽው ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ስስ አድርገሽ ቀቢና እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ።»

«እስከ መቼ?»

«በጣትሽ ስትነኪው እስከማይከተልሽ ድረስ።»

ቀባችና ተቀመጠች። እሳቸውም ትተው መግባቱ አሳፈራቸውና አጠገቧ ተቀመጡ። አማትና ምራት በአንድ ቤት ሰባት ወር ኖረው፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ማስቲሹ እስኪደርቅ እትዬ ወስፌ ጠየቁ።

«ሳምንቱን ሙሉ ጎማ ላይ ውለሽ፣ ደግሞ እሁድ ሌላ ጎማ? አይሰለችሽም?»

«አውቶቡሱን እኮ እኔ አልነዳውም፣ እሱ ነው የሚነዳኝ» አለች። «ፌርማታው የታወቀ ነው፣ ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ከኋላዬ ሰማንያ ሰው ይነጫነጫል። ደን ውስጥ ግን የሚያስቸኩለኝ የለም። ከፈለግኩ እፈጥናለሁ፣ ከፈለግኩ ወርጄ ወፍ አያለሁ።»

እትዬ ወስፌ ይህችን ልጅ ስለ ጭቃው እንጂ ስለ ሌላ ነገር ጠይቀዋት እንደማያውቁ ያን ጊዜ ነው የታወቃቸው። ማስቲሹን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉና «አሁን» አሉ። ጎማው ያዘ። ነፉት፣ ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ አንዲት አረፋ አልወጣችም።

«እጅዎ ይባረክ» አለች ምራቲቱ፤ ከዚያም ወደ ኮሪደሩ ዞር ብላ፣ «ያንኛውንስ ለምን አይሞክሩትም? ፎጣ መሸከም ሰለቸው እኮ።»

«በሃምሳ ሰባት ዓመቴ? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ጎረቤትማ እኔንም በሃያ ዓመቴ ብዙ ብሎኛል። እስካሁን ሲያወራ እኔ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ።»

እትዬ ወስፌ በልጅነታቸው የአጎታቸውን ብስክሌት ሰርቀው ሜዳ ላይ ነድተው ያውቃሉ። ያንን ለማንም አልተናገሩም። በማግስቱ ግን የልጃቸውን ሱሪ ለብሰው፣ ፎጣዎቹን አጣጥፈው አንስተው፣ በር ላይ ቆመው ተገኙ።

ልምምዱ የተጀመረው በአውቶቡስ ማደሪያው ግቢ ነው፤ ቀን ቀን አውቶቡሶቹ ሥራ ላይ ስለሆኑ ባዶ ነው። የግቢው ጥበቃ ወንበሩን ወደ ጥላው አስጠግቶ ተመለከታቸው። ሁለት ዙር ዞረው ሦስተኛው ላይ ከግንቡ ጋር ሊላተሙ ሲሉ ምራቲቱ ያዘቻቸው።

«እማማ፣ ይሄ ስንት ቁጥር መስመር ነው?» አለ ጥበቃው።

«ወደ ሆስፒታል የሚሄደው» አሉት፣ ሳይዞሩ።

ችግራቸው ሚዛን መጠበቅ አልነበረም። መሪውን እንደ ሌባ አንገት አንቀው ይይዙታል። «ያላሉት እንጂ፤ የትም አይሸሽብዎትም» ትላለች ምራቲቱ። እሳቸው ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ክር ሲወጥሩ ኖረዋል፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ያለ ባል ልጅ ሲያሳድጉ ነው ያሳለፉት። ያላሉት ነገር ሁሉ የሚወድቅ ይመስላቸዋል። ጣቶቻቸው ለመላላት ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። የላሉ ቀን ግን ብስክሌቱ ከሥራቸው እንደ ዘይት ፈሰሰ። ግቢውን ስምንት ጊዜ ዞሩት። «ይበቃል፣ አውቶቡሶቹ ሊገቡ ነው» ስትላቸው «አንዴ ብቻ» እያሉ ሌላ ሦስት ጨመሩ።

ከዚያ ደኑ መጣ። እሁድ እሁድ እዚያ የሚወጣ አንድ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ዳገቱ ግማሽ ላይ ሁልጊዜ ይወርድና «መግፋትም መንዳት ነው» እያለ ብስክሌቱን ይገፋል። እትዬ ወስፌ መጀመሪያ ናቁት። በሁለተኛው እሁድ አጠገቡ እየገፉ ነበር። በአራተኛው ቀላሉን ማርሽ አስገብተው፣ የዳገቱን ጫፍ ማየት ትተው፣ ከፊት ጎማቸው ሁለት ክንድ ብቻ እያዩ ሲወጡ ሳይታወቃቸው ጫፍ ላይ ደረሱ። ልባቸው እንደ ማተሚያ ማሽን ይመታል። ከተማው ከታች ተዘርግቷል፤ ማተሚያ ቤቱን ፈልገው አጡት። ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡበት ክፍል ከዚህ ላይ የአንዲት ፊደል ያህል እንኳ አይታይም። ይህ ለምን እንዳሳቃቸው ለራሳቸውም አልገባቸውም።

ሰኞ ሥራ ሲገቡ ቅልጥማቸው ላይ ጥቁር ሰንበር አለ። የመቁረጫው ማሽን ኦፕሬተር ደነገጠ።

«እትዬ፣ ማን መታዎት?»

«ዛፍ።»

«ዛፍ ይመታል?»

«ቆሞ ከጠበቀሽማ ይመታል» አሉና ወስፌያቸውን አነሡ። ወንዱን «ጠበቀሽ» ማለታቸውንም ከደስታቸው የተነሣ አላወቁትም።

ደኑ ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ ሁሉም «ደረጃው» ይለዋል። መንገዱ ቁልቁል ይሆንና የዛፍ ሥርና ድንጋይ እየተፈራረቁ እንደ ደረጃ ይወርዳሉ። እትዬ ወስፌ ስድስት እሁድ ሙሉ እዚያ ሲደርሱ ወርደው፣ ብስክሌቱን በጎን እየገፉ፣ በእግራቸው ነው የሄዱት። በሰባተኛው እሁድ ጫፉ ላይ ቆሙና ቁልቁል ተመለከቱ።

«ፈሪ ለእናቱ ይባላል» አሉ። «እናትየዋ እኔ ነኝ። ታዲያ እኔ ለማን ብዬ ልፍራ?»

ምራቲቱ ፊታቸውን አየችና እንዳልቀለዱ ገባት። «እኔ ታች ወርጄ ልጠብቅዎት። ወገብዎን ከኮርቻው ወደ ኋላ ያድርጉ፤ የፊቱን ፍሬን በድንገት እንዳይጨብጡ» አለቻቸውና ወረደች።

ፍሬኑን ለቀቁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሥሮች ዘለሉ፤ ጉልበታቸው እንደ ስፕሪንግ ተቀበላቸው። ግማሽ ላይ፣ መንገዱ መሀል፣ የሰው ራስ የምታህል ክብ ድንጋይ ታየቻቸው። ዓይናቸው እሷ ላይ ተተከለ። ግራውም ቀኙም ባዶ ነው፤ እሳቸው ግን ከድንጋዪቱ በቀር የሚያዩት አጡ። ብስክሌቱም እንደታዘዘ ፈረስ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ ሄደ።

ከታች ድምፅ መጣ፤

«ድንጋዩን አትዪው! መንገዱን እዪ! መንገዱን!»

ዓይናቸውን ነቅለው ወደ ቀኙ ክፍት ቦታ ወረወሩት። መሪው ራሱ ተከተለ። ድንጋዪቱ ከፔዳላቸው አንድ ስንዝር ርቃ አለፈች። ቀጥለው ሥር፣ ሌላ ሥር፣ ከዚያ ሜዳው። ፍሬን መያዝ የሚባለውን ነገር ደስታው አስረስቷቸው ቁጥቋጦ ውስጥ ጥልቅ አሉ።

ምራቲቱ ሮጣ ስትደርስ እትዬ ወስፌ ቅጠል ውስጥ በጀርባቸው ተኝተው እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ጉንጫቸው ላይ እሾህ ቀጭን መስመር አስምሮበታል። የእሷ ፊት ግን አመድ መስሏል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ተንበርክካ። «አንቺ አልኩዎት። አምልጦኝ ነው፣ እትዬ፤ በሞቴ አምልጦኝ ነው።»

እትዬ ወስፌ ሳቃቸውን እንደ ምንም ሰብስበው ተቀመጡ።

«ስሚ፣ የኔ ልጅ። "እባክዎን ድንጋዩን አይመልከቱት" ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ፣ ቃሉ ሳያልቅ እኔ አልቄ ነበር። እርስዎ ቁልቁለት ላይ ይረዝማል። በይ፣ ከእንግዲህ አንቺ በይኝ።»

«አልችልም።»

«እኔ ይሄን ደረጃ ችዬ የለም እንዴ? አንቺም ትችያለሽ።»

እዚያው ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጠው ውሃ ጠጡ። ምራቲቱ ጉንጫቸውን በመሐረብ እየጠረገች ቀስ ብላ ተናገረች።

«እውነቱን ልንገርሽ... ልንገርዎት...»

«ልንገርሽ።»

«ልንገርሽ። ቤትሽ ስገባ በጣም ነበር የምፈራሽ። ፍሬኑ የተበጠሰ አውቶቡስ እንዳንቺ አያስፈራኝም።»

«እኔም ፈርቼሽ ነበር» አሉ እትዬ ወስፌ። «ልጄን ይዘሽብኝ የምትሄጂ መስሎኝ ጭቃውን ብቻ ሳይ ከረምኩ። ሌላው ሁሉ ባዶ መንገድ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ይህን ነገር ደግመው አላነሡትም። ጭቃው ግን አሁንም በረንዳው ላይ ይታጠባል፤ ልዩነቱ የሁለት ብስክሌት ጭቃ መሆኑ ነው። ቅዳሜ የሚፈገፈገው ወደ እሁድ ማታ ተዛወረ፤ የሚፈገፍጉትም ሁለት ሆኑ።

በዚያ ሳምንት አራት መቶ ገጽ ያለው አንድ መጽሐፍ ጠርዘው ከጨረሱ በኋላ አንዲት ገጽ በጸጉር ስፋት ዘንበል ብላ አገኟት። ወስፌያቸውን ሊያነሡ ሲሉ «ድንጋዩን አትዪው» አሉና ትተዋት ምሳ ሄዱ። ምሳቸው አልወርድ አላቸው። ተመልሰው ፈትተው እንደገና ሰፉት። «ሁሉም ነገር ብስክሌት አይደለም» አሉ ለኦፕሬተሩ፤ እሱም ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳይገባው «እውነት ነው፣ እትዬ» አላቸው።

አራቱ ወር አልቆ ልጃቸው አንድ ቅዳሜ ማታ ገባ። መንገዱን ሙሉ የፈራው ያንን ዝምታ ነበር። በሩን ሲከፍት ሳቅ ሰማ። እናቱ የቀኝ ክርናቸውና የቀኝ ጉንጫቸው ተቦጭቆ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሚስቱ መድኃኒት ትቀባቸዋለች።

«አትንቀሳቀሺ አልኩሽ እኮ» ትላለች ሚስቱ።

ልጁ ሻንጣውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዓይኑ ከአንዷ ወደ አንዷ ሄደ።

«እናቴን አንቺ ትያታለሽ?»

«አንተስ ምንድን ነው የምትለኝ?» አሉ እናቱ።

«እኔማ ልጅሽ ነኝ።»

«እሷም ናት። ይልቅ ሻንጣህን አስቀምጥና ና ሳመኝ፤ በግራ በኩል ብቻ፣ ቀኙ ይቆጠቁጠኛል።»

ሲበሉ ሁለቱ ስለ ሥርና ስለ ጭቃ፣ ስለ ማርሽና ስለ መምህሩ አዲስ ጎማ እየተቀባበሉ ያወራሉ። እሱ ወዲህና ወዲያ እያየ ይጎርሳል። በመጨረሻ እንግዳ ሰው ይመስል ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ብስክሌቴስ?»

ሴቶቹ ተያዩ።

«የማን ብስክሌት?» አሉ እናቱ።

በማግስቱ ከመምህሩ አሮጌ ብስክሌት ተውሰውለት ይዘውት ወጡ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ወርዶ መግፋት ጀመረ። መምህሩ አጠገቡ ደርሶ «መግፋትም መንዳት ነው» አለው። እሱ ግን የሚመልስበት ትንፋሽ አልነበረውም። ጫፍ ላይ እናቱና ሚስቱ ግንድ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ላቡን ጠርጎ አጠገባቸው ዘጭ አለ። እናቱ የብርቱካኑን ግማሽ ሰጡት፤ እሱም ትንፋሹ እስኪመለስ ያዘውና ጎረሰው።

«አራት ወር ሙሉ ሰው ወደ ላይ የሚያወጣ ማሽን ስተክል ከርሜ» አለ፣ «የገዛ ራሴን ማውጣት አቃተኝ።»

ሚስቱ ሳቀች፤ እናቱም ሳቁ። ከዚያ እትዬ ወስፌ ሄልሜታቸውን አሰሩና፣ በግራ በኩል እስካሁን ማናቸውም ያልሄዱበት አንድ ቀጭን መንገድ እንዳለ በጣታቸው አሳዩ።