ውዱ ሦስት ጊዜ ተጠራ

ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት ችሎት ጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ፣ የመሥሪያ ቤት ልጆች ጋቢ ያለብሱኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ጋቢ ወግ ነው። እነሱ ግን ተማክረው፣ "እትየ ቆንጅት፣ ዕድሜዎን ሙሉ ያዩት የመዝገብ አቧራ ነው፤ እስቲ ትንሽ ይዝናኑ" ብለው ከአንድ ጥብቅ ደን ሥር፣ ወንዝ ዳር ባለ ሎጅ ሁለት ሌሊት የሚያሳድር ወረቀት በፖስታ አድርገው ሰጡኝ። ሎጁ ቆቦ ካለው ቤቴ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የገዛ አልጋዬን ትቼ፣ የገዛ አገሬን ዝንጀሮ ለማየት የሰው አልጋ ላይ ልተኛ ማለት ነው። እምቢ ብል "ኮራች" ሊሉኝ ነው። ፍልሰታ እንደተፈታ እየተነጫነጭሁ ሄድሁ።

በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ የአጋዘን ሥዕል አለበት። ሠዓሊው አጋዘን አይቶ አያውቅም፤ የሣለው ቀንዱ የረዘመ ፍየል ነው። ከሥሩ "የወንዝ ዳር መዝናኛ" ይላል። ገብቼ ወንዙን ፈለግሁ። ወንበሮቹ በመስመር ተደርድረው፣ ጃንጥላ ተተክሎላቸው፣ አፍጥጠው የሚያዩት አሸዋ ነው። የዚህን የሆርማት ወንዝ ጠባይ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ደጋው ላይ ሲዘንብ ለጥቂት ሰዓት ድፍርስ ጎርፍ ያወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ግመል የሚተኛበት አሸዋ ነው። ግን ሰው አሸዋ ዳር ወንበር ዘርግቶ "ወንዝ ዳር" ሲል ዝም ይባላል? የሎጁ ባለቤት ኸይረዲን፣ ዐረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ጎልማሳ፣ "አብሽሩ እትየ፣ ወንዙ ይመጣል" አለኝ፣ ከወንዙ ጋር ቀጠሮ ያለው ይመስል።

ስለ ክፍሉ ባልናገር ይሻላል። ሙቅ የተባለው ቧንቧ ቀዝቃዛ ያወርዳል፣ ቀዝቃዛ የተባለው ምንም አያወርድም። የአጎበሩን ቀዳዳ በክር ቋጥረውታል፤ ትንኟ ግን ቀድማኝ ገብታ ከውስጥ ነው የጠበቀችኝ።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ውዱ ነው። ውዱ የሎጁ ዘበኛም፣ ዕቃ ተሸካሚም፣ አስጎብኚም ነው። ሃምሳውን ያለፈ፣ ሽርጥ የታጠቀ ቀጭን ሰው። ሻንጣዬን በአንድ እጁ አንሥቶ፣ በሌላው ትከሻው አካፋ ተሸክሞ ፊት ፊቴ ሄደ።

"አካፋው ምን ሊሆን ነው?" አልሁት።

"ለጎርፉ ነው እትየ።"

"የት ያለ ጎርፍ?"

"ይመጣል።"

እዚህ ቤት የማይመጣ ነገር የለም።

እራት ሲያቀርብልኝም አካፋው ከበሩ ጥግ ተደግፎ ቆሟል። ዝም ብዬ መብላት ሲገባኝ ነገሩን ጠየቅሁት። ውዱ ከሎጁ በታች ግማሽ ሄክታር ማሽላ አለው። በዚያ ቆላ ዝናብ ታምኖ አይታረስም፤ ጎርፉ ከደጋ ሲወርድ በእሾህና በድንጋይ ጠልፈው፣ በቦይ ወደ ማሳቸው ያስገቡታል። የውዱን ቦይ የሚጋሩት ዘጠኝ ገበሬዎች ናቸው፤ አንድ ጎርፍ ግን የሚያጠግበው አንድ ማሳ ነው። ስለዚህ ተራ አለ። ተራውን የሚያስከብረው ሰው የውሃ አባት ይባላል። የውዱ አባት የውሃ አባት ነበሩ፤ እሱም ሹመቱን ከያዘው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ዓምና ጎርፉ ሳይዳረስ ቀርቶ የውዱ ማሽላ ፍሬ ሳይዝ አገዳ ብቻ ሆነ። ለግመል መኖ ሰጥቶት እሱ እዚህ ሎጅ ተቀጠረ። ዘንድሮ ተራው ገና አሁን መድረሱ ነው።

"ማሽላዬ ቅጠሉን ጠቅልሏል፤ ውሃ ጠማኝ ማለቱ ነው" አለኝ። "አንድ ጎርፍ ከጠጣ ወላሂ ያፈራል። ካልጠጣ ያው አገዳ ነው። የሚመጣው ጎርፍ የኔ ነው እትየ።"

ከዚያ ፊቴን ትክ ብሎ አየና ሣቀ። "እርስዎን ግን በድምፅዎ ነው ያወቅሁዎት።"

ዱሮ በውሃ ተራ ሰው ይፈነካከት ነበር አለኝ። አንዱ ጠብ ፍርድ ቤት ደርሶ ውዱ ለምስክርነት ተጠርቶ ሲመጣ፣ እኔ ችሎቱ በር ላይ ቆሜ ባለጉዳይ ስጠራ አየ። "አንዱን ሰው ሦስት ጊዜ ጠሩት። የለም። መዝገቡ ተዘጋ። በኋላ እያለከለከ መጣ፤ ለመነ፤ አለቀሰ። እርስዎ 'ተጠርተህ የለህም' አሉት፣ ሄደ። ማንም ዱላ አላነሣም። ይህ ነገር ለኛም ይሆናል አልሁ።"

ከዚያ ወዲህ በነሱ ቦይም ሕጉ ይኸው ነው። ጎርፉ ሲደርስ ባለተራው በቦዩ አፍ ላይ ሦስት ጊዜ በስሙ ይጠራል። አካፋውን ይዞ ካልተገኘ ውሃው ለሚቀጥለው ያልፋል፣ እሱም ከሰልፉ መጨረሻ ይገባል። ካቻምና ኑሀ የሚባለው ጎረቤቱ ሚስቱን ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ወስዷት ሲመለስ ተራው አልፎት አገኘው። ያሳለፈው ውዱ ነው። "ስድስት ወር ሰላምታ ነሣኝ" አለ ውዱ። "ግን እሱም ዱላ አላነሣም።"

ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "ሠራሽ" ያለኝ ሰው አልነበረም። የኔ አጠራር ወንዝ ወርዶ ሰው ማስታረቁን እያሰብሁ፣ ከነትንኟ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ኸይረዲን ቁርሴ ላይ መጥቶ ከወዲሁ ይቅርታ ጠየቀኝ። ምን ሆኖ እንደሆነ ስጠይቀው ነገሩ ስለ ውዱ ነው። ደመና ባየ ቁጥር እንግዳ ጥሎ ወደ ማሳው ይሮጣል፤ አንድ ሰው ዳግመኛ ቅሬታ ካቀረበበት ያሰናብተዋል። "እርስዎ ብቻ ይንገሩኝ" አለኝ። እሺ አልሁት።

ከምሳ በኋላ ወደ ደኑ ለመውጣት ተነሣን። ውዱ አካፋውን ሊያነሣ ሲል፣ "ተወው እባክህ! አውሬ ልናይ እንጂ መቃብር ልንቆፍር አይደለም የምንሄደው" አልሁት። መልሶ በሩ ጥግ አቆመው።

ደን የተባለው ግራርና እሾህ ነው። ቀሚሴን ሁለት ቦታ ቀደደው። ዝንጀሮዎቹ ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው እያዩን ይተካከካሉ፤ ማን ማንን ሊጎበኝ እንደመጣ አልታወቀም። ውዱ ጎንበስ ብሎ በጠጥ አሳየኝና "ይህ የአጋዘን ነው" አለኝ። በጠጥ! የሠላሳ አንድ ዓመት ሽልማቴ! እሱ ደግሞ በየአሥር እርምጃው ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሣል፣ ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ወደ ምዕራብ ያያል።

"ያንን ስልክ አትከተውም?"

"ከላይኛው ወንዝ ይደውሉልኛል ብየ ነው እትየ።" ቀጥሎም፣ "ደጋው ጠቁሯል። ብንመለስ ምን ይመስልዎታል?"

ቀና ብዬ አየሁ። እኛ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሩቅ፣ ከላስታ ተራሮች በላይ ብቻ ጥቁር ነገር አለ። ተራውን ረስቼው አልነበረም፤ ትናንት በራሱ አፍ ነግሮኛል። ግን እግሬ ተልጦ፣ ቀሚሴ ተቀዶ፣ በንዴት በግኜ ነበር። የተናደደ ሰው የራሱን እግር እንጂ የሰው ማሽላ አይታየውም።

"አጋዘኑን ሳላይ ንቅንቅ አልልም" አልሁት። "ጥለኸኝ ከሄድህ ለኸይረዲን እነግረዋለሁ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። "እሺ እትየ። እንግዳ ነዎት፤ እንግዳ ጫካ ውስጥ ተጥሎ አይኬድም" አለ። ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራብ አላየም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጉብታው ላይ ተቀምጠን ሳለ ከታች ብዙ የጭነት መኪና ባንድ ጊዜ የተነሣ የሚመስል ድምፅ መጣ። ውዱ ብድግ አለ። ቡናማው ውሃ ግንድና እሾህ እያንከባለለ አሸዋውን እየዋጠ ይወርዳል። "ሩጥ!" አልሁት። አልሮጠም። እጄን ይዞ እያንዳንዷን ድንጋይ እያሳየኝ ያወርደኝ ጀመር። "ሩጥ እኮ ነው የምልህ!" ብዬ ጮኽሁበት። "መንገዱ ላይ ላድርስዎት" አለኝ።

ገና ግማሽ ሳንወርድ ከቦዩ አፍ ጥሪው ተሰማ። "ውዱ!"

"አቤት!" አለ እሱ። የጎርፉ ድምፅ ዋጠበት።

"ውዱ!"

"አለ! እዚህ አለ!" አልሁ እኔ፣ በዚያ ችሎት በሚያንቀጠቅጠው ድምፄ። ማን ይሰማል። ሦስተኛው ጥሪ ሲመጣ ውዱ አፉን አልከፈተም። ቀስ ብሎ መራኝ።

ስንደርስ ጠሪው ኑሀ ነው። የውሃ አባቱ ራሱ ባለተራ ሲሆን የሚጠራው ተከታዩ ነው፤ የሚቀጥለው ተራ የኑሀ ነው። ቦዩን ገና አልከፈተም፤ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል።

"ና ውሰደው" አለው ኑሀ። "ውሃው ገና አልገባም። ማንም ቅር አይለውም።"

"ስንት ጊዜ ጠራህ?" አለው ውዱ።

"ሦስት።"

"ነበርሁ?"

"አልነበርህም።"

"እንግዲያው ያንተ ነው። አንተን ሚስትህን ምጥ ይዟት ሳለ አሳልፌህ፣ ዛሬ እኔ አጋዘን ሳሳይ ውየ ለራሴ ልውሰድ?"

"ጥፋቱ የኔ ነው!" አልሁ። "እኔ ነኝ ያስቀረሁት! አካፋውንም ያስተውሁት እኔ ነኝ! በቂ ምክንያት አለው!"

እኔ ነኝ ይህን የምለው። የሐኪም ወረቀት የያዘውን፣ ከቀብር የመጣውን፣ መኪና የተበላሸበትን፣ ያን ሁሉ ባለጉዳይ ምክንያቱን ሳልሰማ ከበር የመለስሁት እኔ። ውዱ ዞር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለኝ ነበር።

"እትየ፣ ተጠርቼ የለሁም" አለኝ።

ከዚያ የኑሀን አካፋ ተቀብሎ በገዛ እጁ ቦዩን ለኑሀ ከፈተ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እሱ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ "በዚህ! በዚያ ድፈኑት!" እያለ ያዝዛል። ውሃው በውዱ ማሽላ አጠገብ፣ በአንድ ድንበር ብቻ ተለይቶ አለፈ። ቅጠሉ እንደተጠቀለለ ነው። በንዴት አለቀስሁ፤ በማን እንደተናደድሁ ግን ለመናገር ያሳፍራል።

በማግሥቱ ስሰናበት ኸይረዲን በደስታ ፈክቷል። "አላልሁዎትም? ወንዙ መጣ!" ብሎ የእንግዳ መዝገብ አቀረበልኝ። "ያዩት የዱር እንስሳ" የሚል ቦታ አለው፤ ባዶውን ተውሁት። አስተያየት በሚለው ላይ "ውዱ ከእንግዳው ጎን አልተለየም። ብትነካው ጠብህ ከኔ ጋር ነው" ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁበት።

ውዱ ሻንጣዬን ባጃጁ ድረስ ተሸከመልኝ፤ አካፋው ትከሻው ላይ ነው። "አጋዘኑን ሳያዩ መሄድዎ ነው። ይቅር ይበሉኝ እትየ" አለኝ። እሱ እኔን ይቅርታ! ልመታው ምንም አልቀረኝ።

አሁን ውዱ ከሰልፉ መጨረሻ ገብቷል። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው፤ ተራው እስኪደርስ የሚበቃ ጎርፍ አይመጣም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ወጥቼ ደጋውን አያለሁ፤ ከጠቆረ እደውልለታለሁ። ትናንትም ደወልሁ።

"ደጋው ጠቁሯል፤ የት ነህ?"

"አብሽሩ እትየ፣ ቦዩ አፍ ላይ ነኝ። የዛሬው ተራ የካሊድ ነው።"

"ያንተ ማሽላስ?"

"አገዳው ዘንድሮ ወፍሯል" አለኝ። "ግመሎቹ ይወዱታል።"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።