በጋሽ ሰዒድ በኩል የተላከው ትምህርት

ነገሩ የሆነው ኢንተርኔት ሰቆጣ በገባ ሰሞን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ቤይሩት ሦስት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ ተመልሼ ነበር። አንድ የዐረብኛ ቃል ሳላውቅ ሄጄ ያየሁትን አበሳ ሌሎች የዋግ ልጆች እንዳያዩት ብዬ፣ በየሳምንቱ በኢሜይል የሚላክ የስምንት ሳምንት የዐረብኛ ትምህርት አዘጋጀሁ። በነጻ። ማስታወቂያውን በእጄ ጽፌ መናኸሪያውና ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ፤ «ስማችሁንና የኢሜይል አድራሻችሁን ጽፋችሁ አባቴ ሱቅ ተዉልኝ» ይላል።

ሠላሳ አንድ ሰው ተመዘገበ። ደስታዬ ወረቀቶቹን እስካነብ ድረስ ብቻ ነበር። በሁሉም ላይ የተጻፈው አድራሻ አንድ ነው፤ የጋሽ ሰዒድ።

ጋሽ ሰዒድ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። መደብራቸው ጥግ ላይ ሁለት ኮምፒውተር አስቀምጠው ኢንተርኔት ያስጠቅማሉ። በእኛ አገር የፖስታ ሳጥን ያለው ጥቂት ሰው ስለሆነ፣ ደብዳቤ የሚመጣው «በእገሌ በኩል ይድረስ» ተብሎ ነው። የእሳቸው ሳጥን ግማሹን ከተማ ያገለግላል። ሰዉ ኢሜይሉንም እንደዚያው አደረገው።

«ጋሽ ሰዒድ፣ ኢሜይል እኮ ለየራስ ነው የሚወጣው» አልኳቸው።

«ምን አስቸገረሽ ልጄ? ስማቸውን ከላይ ጻፊበት፤ እኔ አደርሳለሁ።»

ምን ላድርግ? ስም እየጻፍኩ ሠላሳ አንድ ጊዜ ላክሁ። እሳቸው ደግሞ አንዱንም አይከፍቱም። አትመው እንዲሰጡልኝ ብለምናቸው፣ «የሰው ደብዳቤ ከፍቼ? አደራ እኮ ነው» አሉኝ። ባለቤቶቹ የሚመጡት በገበያ ቀን ነው። በገበያ ቀን ወይ መብራት የለም፣ ወይ መስመሩ አይሠራም። ጭራሽ የኢሜይል ሳጥናቸው ሞላና የምልከው ሁሉ ተመልሶ እኔው ጋ ይመጣ ጀመር።

ዘውዴ የምትባል የእዚሁ የዋግ ዝቋላ ልጅ ቤይሩት ልትሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት በእግሯ መጣች። ዕድል ቀንቷት መብራት ነበር። የመጀመሪያውን ትምህርት፣ ሰላምታውን አነበበች።

«እትዬ ሐዋ፣ የቀረውንስ?» አለችኝ።

«በየሳምንቱ በተራው ይደርስሻል» አልኳት። ሌላውን ሳታገኝ ሄደች።

ከወራት በኋላ፣ የሞላው ሳጥን ትንሽ ሲቀል፣ በጋሽ ሰዒድ ደጅ ሳልፍ ጠሩኝ። «ሐዋ፣ ደብዳቤ አለሽ። ከመጣ ሳምንት አለፈው።» የዘውዴ ነበር። የምታውቀው አድራሻ የእሳቸውን ብቻ ስለሆነ «ለእትዬ ሐዋ» ብላ በእሳቸው ኢሜይል በኩል ልካለች። «ሆዴን በጣም አሞኛል። አሞኛል በዐረብኛ ምን ይባላል?» ይላል።

እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ መለስኩላት። ኋላ እንደሰማሁት፣ መልሴ ከመድረሱ በፊት ወድቃ ሐኪም ቤት ወስደዋታል። ደግነቱ ተርፋለች።

በጋሽ ሰዒድ ስናደድ ብዙ ጊዜ ኖርኩ። አሁን ግን የምናደደው በራሴ ነው። ሰላምታን አንደኛ፣ «አሞኛል» የሚለውን ስድስተኛ ሳምንት ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ዘውዴ ፊቴ ቆማ ስትጠይቀኝ ቁጭ አድርጌ በአፌ ልነግራት ስችል፣ ተራሽን ጠብቂ ያልኳትም እኔው ነኝ።