ማን ነሽ ሳይል የታዘዘኝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ በየጾሙ ለንስሐ አባቴ ስናዘዝም ይህችን አልፋታለሁ። ሰው ማማቴን፣ ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን በምን ቃል ልጀምረው? «አባ፣ አንድ ኮምፒውተር አጠፋሁ» ብላቸው፣ «ታዲያ መልሰሽ አብሪዋ፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር፤ አንድም ሳላስቀር።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ደብረ ታቦር ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከትምህርት መልስ አግዝ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሞገስ ይባላሉ፤ አንድ እግራቸውን ያማቸዋል። አሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠሩ ስለነበሩ፣ ለማጥፋትም ሆነ ሪስታርት ለማድረግ፣ ማለትም አጥፍቶ ለማስነሣት፣ ፓስዎርድ ይጠይቁ ነበር። ፓስዎርዱን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ክረምት ላይ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሮቹን ለጊዜው የሚይዟቸው ባትሪዎች መጮህ ይጀምራሉ፤ የሚቆዩት ለጥቂት ደቂቃ ነው። ጋሽ ሞገስ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ሠልጣኙን «ዘወር በል እስቲ» እያሉ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ ፓስዎርድ ይጽፋሉ። ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ባትሪው ያልቅና የቀሩት ሁሉ በአንዴ ድርግም ይላሉ።

አንድ ቀን ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ትርንጎ፣ እባክሽ ለዚህ ነገር መላ ፈልጊ። ላጥፋው ስል ማን ነህ አይበለኝ። ለእኔና ለአንቺ ብቻ ግን» አሉኝ።

ለእኔና ለአንቺ ብቻ። ይህን ቃል ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ልል አልችልም።

መመሪያውን ሦስት ቀን አነበብኩ። ፈቃድ የሚጻፍበት ፋይል በስህተት ከተበላሸ ማሽኑ ባለቤቱን እንኳ አይታዘዝም ስለሚል፣ መጀመሪያ ደብተሬ ላይ ደጋግሜ ጻፍኩት። አንድ መስመር ብቻ ናት። ማን፣ የትኛውን ትእዛዝ፣ ያለ ፓስዎርድ። አስገባኋትና ማሽኑን ጥፋ አልኩት። አልጠየቀኝም። ዝም ብሎ ጠፋ።

ሰውነቴን ነዘረኝ። እኔ፣ የእብናት ገበሬ ልጅ፣ የቤታችን ውሻ እንኳ ሦስቴ ካልጠራሁት የማይመጣልኝ፣ አንድ መስመር ብጽፍ የተባለው ይሆናል! ወንበሬ ላይ እጆቼን አጣምሬ፣ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው ተቀመጥኩ። ይህ ሁሉ ኃይል በአንዲት መስመር ውስጥ እንዴት ይኖራል?

የመጀመሪያውን ጥፋት ያጠፋሁት ያን ጊዜ ነው። ፈቃዱን ለሁለታችን ሳይሆን ለሁሉም አደረግሁት። ሠልጣኙ ሁሉ የራሱን ቢያጠፋ ጋሽ ሞገስ ከወንበራቸው አይነሡም ብዬ አሰብኩ። አልነገርኳቸውም፤ መብራት ሲሄድ በዓይናቸው አይተው እንዲያመሰግኑኝ ፈለግሁ። ከታዘዝኩት በላይ መሥራት ደግነት ይመስለኝ ነበር።

ከሠልጣኞቹ መካከል ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ስድስት ዓመት አረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ የአገሬ የእብናት ልጅ ናት። ሴት ልጇ እብናት ከእናቷ ጋር ትኖራለች። የጻፈችው በስህተት በተሰረዘባት ቁጥር፣ «ይኸ ጣቴ መጥረግ ነው የለመደ፤ ፊደልም ሲያገኝ ይጠርጋል» እያለች ታስቀን ነበር። እብናት አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ አድርጎ ሊቀጥራት የሥልጠናዋን የምስክር ወረቀት ብቻ ይጠብቅ ነበር። ያ ካልሆነ ወደመጣችበት ትመለሳለች፤ ይህን ከራሷ አፍ ሰምቼዋለሁ።

የፈተናው ቀን ፈታኙ ከሌላ ከተማ መጣ። ደንቡን አነበበ። በፈተና መሀል ኮምፒውተሩን ራሱ ያጠፋ ተፈታኝ፣ ተጨማሪ ሰዓት ለማግኘት እንዳጭበረበረ ይቆጠራል፤ ይወድቃል። ስድስት ሰዎች መጻፍ ጀመሩ። ማንም ያልተቀመጠበት አራት ቁጥር ኮምፒውተር ማራገቢያው ይጮህ ስለነበር፣ ጋሽ ሞገስ ከበሩ አጠገብ ሆነው በእጃቸው «አጥፊው» አሉኝ።

ስድስት እርምጃ ነው። ተነሥቼ ብሄድ ምን ነበረበት? እኔ ግን ከወንበሬ ሳልነሣ፣ ኮምፒውተሮቹን በሚያገናኘው ኔትወርክ ገብቼ ላጠፋውና ጋሽ ሞገስ ሊደነቁብኝ ፈለግሁ። ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት ጣሪያው ሲያፈስ አራትንና ሰባትን ቦታ አለዋውጠን፣ የተለጠፈባቸውንም ቁጥር ቀይረን ነበር። ኔትወርኩ ላይ ግን ሁለቱም የሚጠሩት በድሮ ቁጥራቸው ነው። ይህን ረሳሁ። አራት ብዬ ጻፍኩ። ጥፋ አልኩ።

ሰባት ጠፋ። ሰባት ላይ ይታይሽ ነበረች።

«ኧረ እኔ አልነካሁም!» ብላ እጆቿን ወደ ላይ አነሣች።

«እመቤቴ፣ ኮምፒውተር ራሱን አያጠፋም» አለ ፈታኙ።

ጋሽ ሞገስ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። «ጌታዬ፣ እሷ ልታጠፋው ብትፈልግ እንኳ አትችልም። ፓስዎርድ ይጠይቃል።»

ፈታኙ ወደዚያ ወደሚጮኸው አራት ቁጥር ሄደ። በሠልጣኝ ስም ገባና ማጥፊያውን ነካ። ማሽኑ ማን ነህ ሳይል ጠፋ።

«የታለ ፓስዎርዱ?» አለ።

ያ ፓስዎርድ ለካ ምስክሯ ነበር። እንደ ድሮው ቢጠይቅ ኖሮ፣ እሷ እንዳላጠፋችው ማሽኑ ራሱ ይመሰክርላት ነበር። እኔ ምስክሯን ቀድሜ አስወጥቼባታለሁ። ጋሽ ሞገስ ዞረው አዩኝ። እኔ የቁልፍ ሰሌዳዬን አየሁ። ከዚያም ወደ ፈታኙ ዞረው፣ «ፈቃዱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ስሜን አልጠሩም። ፈታኙ ግን ከይታይሽ ስም አጠገብ ጽፎ ጨርሶ ነበር።

ለምን አልተናገርኩም? አንድ ቃል አይደለም ወይ? «እኔ ነኝ» ማለት ስንት ፊደል ነው? ለማሽን ቃል ያልገደደኝ ልጅ፣ ለሰው አንድ ቃል አጣሁ።

ይታይሽ ነጠላዋን አስተካክላ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ አለቅስ ነበር። እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «አይዞሽ እቴ፤ አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ? የእኔ ዕድል ነው» አለችኝና ሳመችኝ። አጽናናችኝ! እኔን! እስከዛሬ ከማንም ፊት እንዲህ አንሼ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ሞገስ ለብቻዬ ጠርተው፣ «እኔ ምልሽ ትርንጎ፣ ይኸ ማሽን ማን እንዳጠፋው የሚጽፍበት የለውም?» አሉኝ።

«የለውም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

እንዳለው አንብቤያለሁ። እሳቸው ከወጡ በኋላ የዚያን ማሽን መዝገብ ከፈትኩ። ቀኑ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ። ትእዛዙ የተሰጠበት ኮምፒውተር፣ የኔ። ያዘዘው ሰው፣ ትርንጎ። ትእዛዙ፣ ጥፋ። ማን ነሽ ሳይል የታዘዘኝ ማሽን፣ ማን እንደሆንኩ ያውቅ ነበር። ለመታዘዝ አልጠየቀኝም፤ ለመጻፍም አልጠየቀኝም።

መዝገቡን አላጠፋሁትም። ይህን ለመመስገን አይደለም የምነግራችሁ። አሮጌው መዝገብ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በራሱ እንደሚሰረዝ አውቅ ስለነበር፣ ጠበቅሁ። በየቀኑ እየከፈትኩ አለ ወይ እያልኩ አየሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ እውነት እያደር የምትጠፋበትን ቦታ አገኘሁና ከጎኗ ተቀምጬ ቀን ቆጠርኩ። አንድ ቀን ስከፍተው አልነበረም።

በዚያው ወር ይታይሽ ወደ አረብ አገር ተመልሳ ሄደች። ለፋሲካ ወደ ቤት ስገባ እናቷን እብናት ገበያ አገኘኋቸው፤ ልጅቷ እጃቸውን ይዛ ነበር። ስሜን ስትሰማ፣ «ኮምፒውተር የምታውቂው ትርንጎ ነሽ? እማ ‹አጻጻፉን ታሳየኝ ነበር› ትልሻለች፣ በስልክ» አለችኝ። ራሷን ዳብሼ ሸሸሁ።

ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት መምህራችን፣ ኮምፒውተሩ ያለ ፓስዎርድ እንዲጠፋና ሪስታርት እንዲያደርግ ፈቃድ ስጡ ብሎ አዘዘን። ጓደኞቼ በአምስት ደቂቃ ጨርሰው፣ «ኧረ ይገርማል! አልጠየቀኝም እኮ!» እያሉ ይጯጯሁ ነበር። የኔ እጅ ተሳስሮ ቀረ። መምህሩ ጠጋ ብሎ፣ «ጎበዟ ተማሪ፣ ይህ ከብዶሽ ነው?» አለኝ። አዎ፣ ከብዶኛል።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ለመዋሸት የሚበቃ ዕድሜ ነበረኝ። ቁጥር ተሳስቼ ነው አልልም፤ የተሳሳትኩት ቁጥሩን ነው፣ ዝምታውን ግን ዐውቄ ነው። ይህን ጽሑፍ ቅዳሜ ለጋሽ ሞገስ እወስደዋለሁ። የምስክር ወረቀቱ ማኅተም ያለበት ቢሮ ያድርሱት፤ ከይታይሽ ስም አጠገብ የተጻፈው ይሰረዝ። ያጣቻቸውን ዓመታት እንደማይመልስላት አውቃለሁ።

እናንተም ያለ ጥያቄ ይቅር አትበሉኝ። ያለ ጥያቄ የተሰጠ ነገር ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። መጀመሪያ ማን ነሽ በሉኝ።

ትርንጎ ነኝ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ ሰባት ቁጥርን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።