ባልጩት የገባለት ጠመንጃ

ባለቤቴ ያንን ጠመንጃ እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሟች ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት ገዝቶ ሲመጣ ደሜ ፈላ። ሻጯ እንደነገረችው፣ የስፔን ወታደሮች ድሮ የሜክሲኮን በረሃ በፈረስ ሲጠብቁ የያዙት ነው፤ ባልጩት ከብረት ሲጋጭ በሚወጣ እሳት የሚተኩስ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎናችን ውስጥ ለአባቱ ሰቀለላቸው።

አማቴ መሣሪያቸውን አገር ቤት ትተው ከመጡ ወዲህ እጃቸው ባዶ ሆኖባቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር አውርደው ይፎክራሉ። «ዘራፍ!» እያሉ ሳሎኑን ይዞሩና በመጨረሻ አፈሙዙን ትንሿ ልጄ ላይ ደግነው ቃታውን ይስባሉ። እሷም «አይም ዴድ!» ብላ ምንጣፉ ላይ ትዘረጋለች። እንግዳው ያጨበጭባል፤ እኔ ሮጬ አነሳታለሁ።

«አባባ፣ እሷ ላይ ባይደግኑ ምናለበት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አንቺ ደግሞ! ይሄ እኮ የሙዚየም ዕቃ ነው።»

ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል ይባላል። እዚያ ቤት የምፈራው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለፋሲካ ባለቤቴ አሮጌው ባልጩት ዶልዱሟል ብሎ አዲስ ኦርደር አደረገና ገጠመለት። አባባ ሲስቡት እሳት ብልጭ አለ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

«አጌን፣ አባባ! ዋን ሞር ታይም!» አለች ልጄ ከወለሉ ላይ።

ደገሙላት።

እንቅልፍ አጣሁ። ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ፣ ፎልስ ቸርች ከተማ አሮጌ ጠመንጃ የሚጠግን ሰው ዘንድ ከባለቤቴና ከአማቴ ጋር ይዘነው ሄድን። ሰውየው ቀጭን ዘንግ በአፈሙዙ ከተተና የቆመበትን በአውራ ጣቱ ያዘ። አውጥቶ ከውጭ በኩል ሲለካው ዘንጉ እስከ ታች አልደረሰም። ከሥር አንድ ነገር አግዶታል። ፊቱ ተለወጠ። ጥይቱና ባሩዱ ከጥንት ጀምሮ ውስጡ ነበሩ። እሳቱን ወደ ውስጥ የሚያሻግረው ባሩድ ከላይ ስላልተደረገ ብቻ ነው ያልተኮሰው አለን። ባለቤቴ ለአባቱ ሲያስተረጉምላቸው አማቴ የሚቀመጡበት ወንበር ፈለጉ። ጠመንጃውን እዚያው ትተነው ወጣን።

ለእንቁጣጣሽ ምንም ያልሰሙት እንግዶቻችን «እስቲ አባባ፣ ያቺን ነገር!» እያሉ ለመኗቸው። እንቢ ማለት አቃታቸውና ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። «ዘራፍ» አሉ ቀስ ብለው። ከዘራው ገና ከመሬት ሳይነሳ ልጄ እንደ ልማዷ ወድቃ ዓይኗን ጨፈነች። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

አማቴ ከዘራውን ጥለው ተንበረከኩና ትከሻዋን ይወዘውዙ ጀመር።

«ተነሺ! ተነሺ በይ፣ የኔ እናት!»

እሷ ጨዋታው መስሏት ዓይኗን አልገለጠችም።