ምራቴ ያልጠራችው ስሜ

በእኛ ወገን ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሜ በኦሮምኛ ከጨው ጋር ስለሚቀራረብ፣ የልጄ ሚስት ጨውን እንኳ «ነጩን አቀብሉኝ» ነበር የምትለው። ነገሌ ላይ ይህ ማንንም አይገርምም። የገረመው ውጭ አገር ነው።

ልጄ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልኮ ወጣና እዚያው ሥራ ያዘ። ሚስቱን ሊወስድ ቢያመለክት፣ የዚያ አገር መሥሪያ ቤት የጋብቻችሁን ማስረጃ አምጡ አለ። የቀበሌ ማኅተም ያለበትን ላክን። ፎቶግራፍ አሉ፤ ላክን። የሚስት ቃል አሉ፤ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዳ አጻፈች። «የባል አባት ስም» የሚለው ላይ ግን «አባባ» ብላ አስሞላች።

ከርሞ መልስ መጣ። የባሏን አባት ስም የማታውቅ ሚስት አጠራጥራናለች፤ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ፊት ቀርባ በገዛ አንደበቷ ትናገር፤ አለዚያ ፋይሉ ይዘጋል ይላል። ምራቴ ይህን ስትሰማ፣ አዘጋጅታ ያስቀመጠችውን ሻንጣ አልጋ ሥር መልሳ ከተተችው።

እንግዲህ ይዣት ሄድኩ። ጸሐፊው ከሰሜን የመጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ጨዋ ሰው ነው።

«የባልሽ አባት ማን ይባላሉ?»

«እኒህ ናቸው» አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች።

«እሳቸውንማ አያቸዋለሁ። ስማቸውን!»

«ስም አላቸው።»

«ምን የሚል?»

«ጥሩ ስም ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ የእውነት ምራትዎ ናት?»

«ከምራትም ምራት» አልኩና ልማዱን አስረዳሁት። ከዚያ ለሷ «ልጄ፣ ፈቅጄልሻለሁ፤ በይው» አልኳት።

«አባባ፣ አንቱ ቢፈቅዱ አፌ መች ይፈቅዳል?»

«ልውጣልሽ?»

«ቢወጡስ፣ ስምዎ እዚሁ ይቀር የለ!»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ መልሶ አነሳው። «በይ እሺ፣ ስም እኔ ልጥራ፤ አንቺ ነው አይደለም በይ።» የገዛ አባቱን ስም ጠራ።

«ሚቲ፣ አይደሉም።»

የዘበኛውን ጠራ። ዘበኛው «አቤት!» ብሎ ገባ።

«ኧረ አይደሉም!»

ከፋይሉ አይቶ የእኔን ሲጠራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ብድግ ብላ ቆመች።

«ቁጭ በይ እንጂ» አላት።

«ስማቸው ተጠርቶ?»

ጸሐፊው እንዳየው ጻፈው፦ «ስማቸው ሲጠራ ተነሥታ ቆማለች።» ማኅተሙን መታበት። እዚያ ማን እንዳነበበው እንጃ፤ ፈቃዱ መጣ። ሻንጣዋን አውቶቡሱ ላይ የጫንኩት ራሴ ነኝ።

ለካ በዚያ አገር ሚስት የምትጠራው በባሏ አባት ስም ኖሯል። በመጀመሪያው ደብዳቤዋ እንዲህ አለችኝ፦ «አባባ፣ ሐኪም ቤት ብሄድ፣ ቀበሌያቸው ብሄድ፣ የሚጠሩኝ በአንቱ ስም ነው። በጠሩት ቁጥር ብድግ እላለሁ። እነሱ ተራዬ ደርሶ የተነሣሁ ይመስላቸዋል።»